የአውራ ጣቷ ምልክት

ልጄን እስከ ክርኗ ጭቃ ውስጥ ተነክራ ያገኘኋት በሑዳዴ አጋማሽ ነው። ከማሳ ተመልሼ ውኃ ልጠጣ ወደ ጓሮ ዞርኩ። እሷ ከማሽላ አገዳው ክምር ሥር ጆንያ አንጥፋ ተቀምጣለች፤ ፊት ለፊቷ የወጭት ቅርጽ የያዘ ጭቃ አለ። እናቴም እንደ ልማዷ ጥላው ውስጥ፣ እጆቿን ነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ተቀምጣለች። ውኃውንም አልጠጣሁም።

«ምንድን ነው ይኼ?» አልኩ።

«የፋሲካ ዕቃ ነው አባዬ» አለች ልጄ፣ ቀና ሳትል። «ወጭት፣ የሰላጣ ሳህን፣ የጠላ መጠጫ። በጦርነቱ የተወሰደብንን ማን ይተካልናል ብለህ ነው?»

እውነቷን ነው። ጦርነቱ በቆቦ ሲያልፍ ቤታችን ውስጥ አንድ ብርጭቆ አልተረፈም። ሚስቴ ከመሞቷ በፊት ለእንግዳ ብላ ቆልፋ ያኖረቻቸው ባለ አበባ ሳህኖች ሳይቀሩ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በዓል የምናከብረው በፕላስቲክ ሳህን ነው። ዶሮ ወጥ በፕላስቲክ ሲቀርብ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል፤ ቀለሙ ሳህኑ ላይ ይቀርና እስከሚቀጥለው ዓመት አይለቅም።

«ሸክላ ነው የምትሠሪው» አልኳት።

«ሴራሚክ ነው። በእጅ የተሠራ። አዲስ አበባ ሰው ተሽቀዳድሞ ነው የሚገዛው።» በጭቃ እጇ ስልኳን ልታሳየኝ ፈለገች።

«እኛ አገር ስሙ ሸክላ ነው።»

ለማያውቅ ሰው በግልጽ ልናገር። እኛ ዘንድ ሸክላ የሚሠራ ሰው ጠይብ ይባላል፤ ቡዳ ይባላል። ድስቱን እንገዛለን፤ ምጣዱን፣ ጋኑን፣ ገንቦውን እንገዛለን። ወጣችንን የምንበላው እሱ በእጁ ባበጀው ዕቃ ነው። እሱ ግን አብሮን አይበላም። ልጁን አናገባም፤ ልጃችንን አንሰጥም። እኔ ይኼን ሕግ አላወጣሁትም። ግን ከማንም በላይ ጠብቄዋለሁ።

እንዴት እንደጠበቅሁት አንዱን ልንገር። ልጄ ገና ጡት ሳትጥል ነው። ገበያው ዳር የምትቀመጥ አንዲት ሸክላ ሠሪ ሸክሟን ይዛ በደጃችን ስታልፍ ውኃ ለመነች። ሚስቴ በቅል ሰጠቻት። ጠጥታ መለሰች። እኔ ቅሉን ከሚስቴ እጅ ተቀብዬ ሴትዮዋ ፊት ከደጃፉ ድንጋይ ጋር አላተምኩት። ሴትዮዋ ስባሪውን አየች እንጂ እኔን አላየችም። ሸክሟን አንሥታ ሄደች። እናቴ ከበሩ ጀርባ መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም፤ አላናገረችኝምም። ወባ ነው ብዬ ከፋርማሲ ክኒን ገዛሁላት።

ደግሞ እንዲህ አደርግ የነበረው በአጥንቴ ተመክቼ ነው። በአባቴ የገበሬ፣ በእናቴ የቄስ ዘር ነኝ እያልኩ ነው ያደግሁት። እናቴ በልጅነቷ ከላስታ በኩል፣ ከደጋው፣ በክፉ ቀን የወረደች ናት። «ዘመድ አልቆብኛል፣ አባቴ ቄስ ነበር» ስላለችው ነው አባቴ ያገባት። ጠላ ቤት ገብቼ ሰው ቢያናድደኝ «እኔ የቄስ የልጅ ልጅ ነኝ» ማለት አይቀረኝም ነበር። ቄስ አያት ይዤ እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩት ከአርባ ዓመቴ በኋላ ነው። ያስተማረችኝም ይችው ልጄ ናት፤ ስድስተኛ ክፍል እያለች፣ ምድጃው አጠገብ አመድ ዘርግታ በእንጨት እየጻፈች። ስሳሳት እጄን ትይዘኝና ትመራኛለች። ያ እጅ ነው አሁን ጭቃ ውስጥ የገባው።

ጊዜው ደግሞ የባሰ መጥፎ ነበር። ልጄ ኮሌጅ ሳለች ከአንድ የጎብዬ ልጅ ጋር ተዋወቀች። የልጁ አባት ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ቤታችንን ሊያይ፣ በፋሲካ ማግሥት መጥቶ አብሮን ሊበላ ተቀጣጥረናል። አጥንት የሚቆጥር ሰው ነው። ለእኔም የላከብኝ ጥያቄ የሌላ ነገር አልነበረም፤ እናትህ ከማን ወገን ናት የሚል ነው። ከቄስ አልኩት፤ ደስ አለው። ልጄ ልጁን ትወደዋለች። አትናገርም፤ ግን ስልኳ ሲጮህ ፊቷ ይለወጣል። ጭቃ ስታቦካ ታየች ከተባለ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

«ተይው» አልኳት። አልተወችም። ደረቅ ነች፤ በማን እንደወጣች አውቃለሁ።

ዕቃውን በኩበትና በአገዳ የተኮሰችው ቀን ጭሱ ከአጥራችን በላይ ወጣ። ጎረቤት ሲጠይቅ ቆሻሻ እያቃጠልን ነው አልኩ። ግን ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰናትን ማን ያታልላታል። አረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ሙስሊም ጎረቤታችን ናት። በጓሮ በኩል ገብታ አመዱን በእንጨት ገለጥ ገለጥ አደረገችና «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ጅዳም አላየሁ» አለች። «ለዒድ አንድ ትልቅ ሳህን ትሠሪልኛለሽ፣ እምቢ አይባልም።»

«አንቺም አብረሻት ከስለሽ እንዳትቀሪ» አልኳት።

«አንተ ሰውዬ፣ ምላስህን ነበር እሳቱ ውስጥ መክተት» አለችኝ። ልጄ ሳቀች። እናቴም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ሲበርድ አንዱን ወጭት አነሣሁ። ምን ልዋሽ፣ ያምራል። ሆዱ የጠቆረ ቀይ ነው፤ በጠጠር ታሽቶ ያብረቀርቃል። በጠርዙ ዙሪያ የተገመደ ነገር ይዞራል።

«ይኼ ገመድ ምንድን ነው?»

«ቄጤማ» አለች። «ቀዳም ሥዑር ቄሱ የሚያድሉት። ሰው በራሱ ዙሪያ ያስረው የለ? ወጭቱም ለበዓሉ ይሰር ብዬ ነው። ለመስቀል ደግሞ አደይ አደርግበታለሁ፤ በነሐሴ ልጃገረዶች ለሚጨፍሩበት ለሶለል፣ የልጃገረድ ሹሩባ።»

«ማን አስተማረሽ?»

«ከስልክ ነው ያየሁት።»

ዋሸች። ከስልክ ያየ ሰው እጁ እንዲያ አይሄድም። እኔም በሬ ጠምጄ ነው የኖርኩ፤ የለመደ እጅና የሞከረ እጅ ይለያል። ማን እንዳስተማራት ደግሞ ያወቅሁ መሰለኝ። ያች ገበያ ዳር የምትቀመጠው አሮጊት ናት አልኩ። የጠጣችበትን ቅል የሰበርኩባት። ተበቀለችኝ አልኩ።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ገበያ ወጭቱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ሄድኩ። አሮጊቷ እንደ ወትሮዋ ከሁሉም ርቃ፣ እህል ተራው ካለቀበት በታች፣ ድስትና ጀበናዋን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሰላም አላልኳትም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጄን ለምን ነካሽብኝ?»

«የማንን ልጅ?»

«የእኔን። ይኼን ማን ነው ያስተማራት?» ወጭቱን አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩት።

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አነሣችው። ውስጡን አላየችም። ዓይኗን ጨፍና አውራ ጣቷን በጠርዙ ላይ ቀስ እያለች አዞረችው። ገመዱ የሚጋጠምበት ቦታ ላይ በጣት የተጫነ ጎድጓዳ አለ፤ እኔ ጉድለት መስሎኝ ነበር። ጣቷ እዚያ ሲደርስ ቆመ። ልክ ገባ።

«ወደ ግራ ነው የተገመደ» አለች።

«ታዲያስ?»

«ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ነው የሚገምድ።» ከጀርባዋ አንድ ድስት አንሥታ አሳየችኝ። ጠርዙ ወደ ግራ ተገምዷል፤ መጋጠሚያው ላይ አውራ ጣት ተጭኖበታል። «እናቴ እንዲህ ነው የምትጨርስ። የእናቴ እናትም እንዲሁ። ይኼን የምናውቅ እኔና ታላቅ እህቴ ብቻ ነን የቀረን። እኔ ልጅህን አላውቃትም።»

«እህትሽ የት ናት ታዲያ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ቁጣም አላየሁ፣ ርኅራኄም አላየሁ።

«ጉልበቷ እንዴት ነው?» አለችኝ። «ከልጅነቷም ያማት ነበር፤ ግራው።»

እናቴ ግራ ጉልበቷን እያሸች ነው የኖረችው። ሌሊት ብርድ ሲነካት ቅቤ የማሻት እኔ ነኝ። አፈሩ ላይ፣ አሮጊቷ ፊት፣ ከድስቶቹ መሀል ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት እዚያ ቦታ ተቀምጬ አላውቅም።

«ከደጋው አብረን ነው የወረድን» አለች። «መንገድ ላይ ተጠፋፋን። እኔ ዋጃ ላይ ከወገኖቼ ዘንድ አገባሁ። በኋላ ቆቦ ገበያ ስመጣ አንድ ቀን ታቦት ሲወጣ አየኋት፤ ነጭ ለብሳ፣ ከጨዋ ሴቶች መሀል። እሷም አየችኝ። ፊቴን አዞርኩላት።»

«ለምን?»

«እንጀራዋን ልዝጋባት እንዴ?»

ንግግሯን ቀጠለች።

«አንተንም ሱሪህን ሳትታጠቅ ጀምሮ አውቅሃለሁ። አባቴን ነው የምትመስል። ሲከራከር እንዳንተ ነበር፣ አንዲት ጀበና ይዞ ግማሽ ቀን።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እናቴ ድስት ወይም ጀበና በሚያስፈልግ ቁጥር «ከዳር ከተቀመጠችው ግዛ፤ አትከራከራት» ትለኝ ነበር። እሷ ራሷ ገበያ ወጥታ አታውቅም፤ ጉልበቴ ትላለች። እኔ ሁልጊዜ ተከራክሬያለሁ። ሰድቤም አውቃለሁ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ዝም ብለው ዛሬ ለምን ነገሩኝ?» አልኩ። አንቱ ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«እሷ ዝም ስትል እኔም ዝም አልኩ። አሁን ይኼን ካስተማረች፣ ልትነግርህ ተነሥታለች ማለት ነው።» ወጭቱን መለሰችልኝ። «በደንብ ነው የተተኮሰ። ልጅቷን እጇን ይባርከው በላት።»

ቤት ስደርስ እናቴ ጥላው ውስጥ ነበረች። ወጭቱን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት።

«አባትሽ ቄስ ነበር?»

አየችኝና ከየት እንደመጣሁ አወቀች። «ቄስ አይቻለሁ» አለች። «ከቄስ አልተወለድኩም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቅሉን ስትሰብር ልነግርህ አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ፈራሁህ። እኔ የጠጣሁበትስ ስንት ቅል አለ በዚህ ቤት?»

እናቴ ፈራሁህ ስትለኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ከገበያው ይልቅ ያስደነገጠኝ ይኼ ነው።

«ታዲያ ልጄን ምን ብለሽ አስተማርሻት? ጊዜው አሁን ነው?»

«መቼ ላስተምራት፣ ከሞትኩ በኋላ?» ጣቷን ከነጠላዋ ሥር አወጣች። የደረቀ ጭቃ ጥፍሯ ሥር አለ። ስንት ሳምንት አጠገቧ እየበላሁ አላየሁትም። «ዕቃው ሲወሰድብን ልጅቷ አለቀሰች። በዓል በምን እናቀርባለን አለች። እኔም እጄ አላስቀምጥ አለኝ።»

ልጄ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ፊቷ ላይ ምንም መገረም የለም። ሁሉንም ታውቅ ኖሯል። በገዛ ቤቴ የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ እስከ ፋሲካ ድረስ ያደረግሁትን ለማሳመር አልሞክርም። ወጭቶቹን ደብቂ አልኳት። ለጎብዬው ሰው በፕላስቲኩ ይቅረብ አልኩ። ልጄ «ወጭቱ ካልቀረበ እኔም አልቀርብም፤ ወጡንም አንተ ሥራው» አለች። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ወጭቱ ይቅረብ፣ ግን ከተጠየቅን ከደሴ ነው የመጣ እንበል ብዬ ተስማማሁ። እሷ እሺም እምቢም አላለች። እናቴ ጉልበቷን ታሽ ነበር።

በፋሲካ ማግሥት ሰውየው ከወንድሙ ጋር መጣ። ቁመናው ያማረ፣ ንግግሩ የለሰለሰ ሰው ነው፤ ልጠላው ፈልጌ ምክንያት አጣሁ። ዶሮው በወጭት ቀረበ። ቄጤማ መሬቱ ላይ ተጎዝጉዟል፤ ቄጤማው በወጭቱ ጠርዝም ዞሯል። ቤቱ በዓል መሰለ። ከሚስቴ ሞት ወዲህ እንዲያ ሆኖ አያውቅም።

ሰውየው ሁለት ሦስቴ ከጎረሰ በኋላ እጁን ጠረገና ጠርዙን በጣቱ ነካ። «እንዲህ ያለ ዕቃ ከየት አመጣችሁ? ሐሳቡን አየኸው፣ የቀዳም ሥዑርን ቄጤማ እኮ ነው» አለ ለወንድሙ።

«ከደሴ ነው ያስመጣነው» አልኩ።

እኔ ለማንም ፊት ለፊት የምናገር ሰው ነኝ። በዚህ ምክንያት ከግማሽ ቀበሌው ጋር ተጣልቻለሁ። በዚያ ቀን ግን ድምፄ እንኳ ሳይንቀጠቀጥ ዋሸሁ። ልጄ ማሰሮ ይዛ ቆማ ነበር። አላየችኝም፤ ወደ መሬት አየች። ልክ ያቺ አሮጊት የቅሉን ስባሪ እንዳየች።

«ደሴ የት ጋ? ባለቤቴ ብታየው ትሞትለታለች።»

እናቴ መደቡ ላይ ሆና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ደሴ አይደለም ልጄ» አለችው። «የልጅ ልጄ ናት የሠራችው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የቄስ ልጅ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩ፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ፣ ከነእናቴ። እንግዲህ ብላ፣ እንዳይቀዘቅዝብህ።»

የሰውየው እጅ ጉርሻ ይዞ ከገበታው በላይ ቆመ። ወንድሙ በሩን አየ። ሰውየው ጉርሻውን አልመለሰውም፤ ጎረሰው። ግን ብዙ አኘከው፤ ያን ያህል የሚታኘክ ሥጋ አልነበረም። ከዚያ ጠገብኩ አለ። እጁን ታጠበ። መረቀን። ለእናቴም ዝቅ ብሎ እጅ ነሣት። ክፉ ቃል ቢናገር ደስ ይለኝ ነበር፤ ለክፉ ቃል መልስ አላጣም። አንድም ክፉ ቃል ሳይናገር ወጣ።

በዳግማ ትንሣኤ ሊመጡ የነበሩት ሽማግሌዎች አልመጡም። ልጁ ብቻዬን እመጣለሁ ብሏል ትላለች ልጄ። እስካሁን አልመጣም። ስልኳ ሲጮህ ፊቷን ማየት ትቻለሁ። እሷ ግን ጓሮ ነች፤ የጎረቤታችንን የዒድ ሳህን እያለሰለሰች ነው። አንድ ቀን ሳህኑ ሳይደርቅ «እንኳን አደረሳችሁ» ብለህ ከሥሩ ጻፍበት አለችኝ። ጽሑፌ ጠማማ ነው አልኳት። እጄን ያዘችኝና መራችኝ፤ እንደዚያ ዘመን በአመዱ ላይ። ጭቃው ይቀዘቅዛል። ሌላ ምንም አላደረገኝም።

እናቴን ይቅር ብያታለሁ ብል እዋሻለሁ። ሃምሳ ምናምን ዓመት የማላውቀውን ሰው አድርጋ አሳድጋኛለች። ስቆጣ ደግሞ ያቺን «ፈራሁህ» ያለችኝን ቃል አስታውሳለሁ፤ ቁጣዬ ወዴት እንደሚሄድ ይጠፋዋል።

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ በዋለው ገበያ «ገበያ ውሰደኝ» አለችኝ። በባጃጅ ወሰድኳት። እህል ተራው እስከሚያልቅበት አድርሶን፣ ከዚያ ደግፌ አወረድኳት። እህቷ ስታያት አልተነሣችም። ጆንያዋን ጠጋ አደረገችና ቦታ ለቀቀችላት። እናቴ ተቀመጠች። አላለቀሱም፤ አልተቃቀፉም። እናቴ አጠገቧ ያለውን ድስት አነሣችና ጠርዙን በጣቷ አዞረች።

«ሳስቷል» አለች።

«አፈሩ ነው» አለች እህቷ። «የቆላ አፈር እንደኛው አይደለም።»

«ገል ጨምሪበት፤ አድቅቀሽ።»

«እጨምራለሁ እኮ።»

እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜያለሁ። የማውቃቸው ሰዎች በአጠገቤ ያልፋሉ፤ አንዳንዱ ሰላም ይለኛል፣ አንዳንዱ እናቴ የተቀመጠችበትን አይቶ አንገቱን ይመልሳል። አክስቴ ከጀሪካኗ ውኃ በቅል ቀድታ ዘረጋችልኝ። ተቀበልኳትና እስከ መጨረሻው ጠጣሁ። ከጨረስኩም በኋላ ባዶውን ቅል በሁለት እጄ እንደያዝኩ ቆየሁ።

«አምጣው» አለችኝ፣ እጇን ዘርግታ። «ሌላ ቅል የለኝም።»